ሰው ሲሞትብን፦ ከመርዶ እስከ ሙት ዓመት

ይሄን የምጽፈው ሰው ለሞተባቸው ነው። ልቅሶው አልቆ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ "አሁንስ ምን ላድርግ?" ለሚሉ። ደግሞም ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ስልካቸውን አንስተው "የሞተ ሰው ነፍስ ተመልሳ ትወለዳለች ወይ?" እያሉ ለሚፈልጉ። እንዲህ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ አፍሮ አያወራውም እንጂ።

የምጽፈው እንደ አንድ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው። ቄስ አይደለሁም፤ ስለ ሥርዓቱ ዝርዝር የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። የሌላ እምነት ተከታይ ብትሆኑም የሚጠቅማችሁ ነገር ይኖራል ብዬ አስባለሁ። ቀን ቆጥሮ ማዘን የእኛ ብቻ አይደለምና። ሙስሊም ወገኖቻችን ለሐዘን ሦስት ቀን አላቸው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትጠብቃለች። እስራኤል ያሉት ቤተ እስራኤላውያን ሰባት ቀን ይቀመጣሉ።

መጀመሪያ መርዶው

መርዶ በስልክ አይነገርም። በጽሑፍ መልእክትማ ጭራሽ። አባቶቻችን የሠሩት ሥርዓት ሰው የሚያድን ሥርዓት ነው፦ የሚቀርቡት ሰዎች ይሰባሰባሉ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ ይደርሳሉ፣ ከመካከላቸው አንድ ትልቅ ሰው ይናገራል። ጠዋት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ማታ የተነገረው ሰው ሌሊቱን ከጨለማው ጋር ብቻውን ይጋፈጣል። ጠዋት የሰማ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ከቦት ይውላል።

ሟች አገር ቤት ሆኖ ልጁ ውጭ ከሆነችስ? መጀመሪያ ለእሷ አይደወልም። እዚያው ላለች ለቅርብ ጓደኛዋ ይደወላል። ጓደኛዋ የሥራ ሰዓቷን ታጣራ፣ ሦስት አራት ሰው ትያዝ፣ ከሥራ ስትገባ ሳይሆን እረፍት በሆነችበት ቀን ጠዋት ይሂዱ። ዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ ልጅ ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አሠሪዎቿ ቤት ጓዳ ውስጥ ቆማ ብቻዋን እንድትሰማው አታድርጉ። የእረፍት ቀኗን ጠብቁ፣ ቤተ ክርስቲያን ከምታገኛቸው ሴቶች አንዷን ፈልጋችሁ በእሷ በኩል አስነግሩ።

እና እባካችሁ፣ ፌስቡክ ላይ ፎቶ አድርጋችሁ "ነፍስ ይማር" ከማለታችሁ በፊት ያልሰማ ልጅ፣ ያልሰማ ወንድም አለመኖሩን አጣሩ። በዚህ የተጎዳ ሰው ብዙ ነው።

ልቅሶ ቤት ምን ይባላል?

ትንሽ ይባላል። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ መቀመጥ በቂ ነው። ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ፣ ከሰው ጎን ተቀምጣችሁ፣ ንፍሮውን ዘግናችሁ ዝም ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም። የሚከፋው "አታልቅሺ፣ ለሱም ቸግሮት ነበር"፣ "ዕድሜ ጠግቦ ነው የሞተው"፣ "አንተ ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ጠንከር በል" የሚለው ነው። የዘጠና ዓመት እናትም እናት ናት።

ማልቀስን እንደ እምነት ማነስ የሚያዩ ሰዎች አሉ። ይሄ ከየት እንደመጣ አይገባኝም። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11ን አንብቡ። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣው ነው የሄደው፣ እንደሚያስነሣውም ያውቃል፣ ትንሽ ቆይቶ "አልዓዛር ሆይ፣ ና ውጣ" ሊል ነው። ቢሆንም የአልዓዛር እህት ማርያም ስታለቅስ ባየ ጊዜ አለቀሰ። መጽሐፈ ሲራክም ምዕራፍ 38 ላይ ለሞተ ሰው አልቅስ ይላል፤ አያይዞም ሐዘን ልብህን እንዳይሰብረው ተጽናና ይላል። ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለው ደረት መምታቱን፣ ፊት መንጨቱን፣ መሬት ላይ መፈጥፈጡን ነው። እንባን አትከለክልም።

የክርስትና ስሙን ታውቃላችሁ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሚረሳው ይሄ ነው።

ሰው ሲሞት ፍትሐት የሚደረግለት፣ ከዚያም በየቅዳሴው የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነው። ሰፈሩ ሁሉ "ጋሽ ተስፋዬ" ሲለው የኖረ ሰው ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ገብረ ሚካኤል ብላ ይሆናል። ስንቱ ነው የአባቱን የክርስትና ስም የማያውቀው! በልቅሶው ትርምስ መሃል ካህኑ "ስመ ክርስትናው ማን ነው?" ሲሉ ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ አንዱ ለአክስት ይደውላል፣ አክስት "ወልደ ነበር እንዴ ገብረ?" ትላለች። ስለዚህ ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቁ፣ ጽፋችሁም አስቀምጡ። የእናትን፣ የአባትን፣ የአያትን። የራሳችሁንም ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ሰው ከሞተባችሁ በኋላ በዚህ ስም የምታደርጉት ነገር ቀላል ነው። አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ የክርስትና ስሙን ጻፉ። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ ከተቻላችሁም ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ ያዙ። ወረቀቱንና ይህንን ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሁድ በጠዋት ለካህኑ ወይም ለዲያቆኑ ስጡ። ዘቢቡ ታጥቦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ለቁርባኑ ወይን ይሆናል። ስንዴው ቤተ ልሔም ውስጥ ኅብስት ይሆናል። ጧፉ በመቅደስ ይበራል። አንድ ኪሎ ዘቢብ ይዛ ከምትመጣ ልጅ በላይ ለእናቷ ነገር ያደረገ ያለ አይመስለኝም፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ያበላም ቢሆን።

ቀኖቹ

ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ብዙ ሰው እነዚህን እንደ ድግስ ቀን ብቻ ነው የሚያውቃቸው። እኔ ግን ለሐዘንተኛው የተሠሩ ማረፊያዎች ሆነው ነው የሚታዩኝ።

ሰልስት ጌታ በሦስተኛው ቀን መነሣቱን ያስታውሳል። ሰባቱ ቀን ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ ያለቀሰው ልቅሶ ነው፤ ኦሪት ዘፍጥረት 50 ላይ አለ። ሠላሳው እስራኤላውያን በሞዓብ ሜዳ ለሙሴ ያለቀሱበት ነው፣ ለአሮንም እንዲሁ። አርባው ጌታ ያረገበት ቀን ነው። ስለ አርባና ሰማንያ ደግሞ መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት ገቡ ይላል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ክርስትና የሚነሡት በዚሁ ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ሕፃን ሆነን ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባንበት ቁጥር ከዚህ ዓለም ስንሄድም ይጠብቀናል።

በተግባር ምን ታደርጋላችሁ? እስከ ሰልስት ሰው አለ፣ እድሩም አለ፣ ጎረቤት እዝን ያመጣል፣ እናንተ መቀመጥ ብቻ ነው። ከባዱ ከሰባት በኋላ ነው። የእድሩ ወንበርና ብረት ድስት ሲመለስ ቤቱ ባዶ ይሆናል፣ ስልኩም መጮሁን ያቆማል። ጓደኛ ከሆናችሁ አሥራ ሁለተኛውንና ሠላሳኛውን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ያን ቀን ሂዱ። ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ፣ አፍልታችሁ አጠጧቸው፣ ስለ ሟቹም አውሩ። ስሙን አንሡ። ሰዎች የሟችን ስም ማንሣት ቁስል መነካካት ይመስላቸዋል፤ ሐዘንተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናፍቀው ያንን ስም ከሌላ ሰው አፍ መስማት ነው።

ሐዘንተኛው እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ከአርባ በፊት ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ። ቤት አትሽጡ፣ ልብሱን በሙሉ አታከፋፍሉ፣ ከወንድም ጋር ስለ ውርስ አትነጋገሩ። አርባው ሲደርስ ዘመድ መሰብሰቡ አይቀርም፤ የሚነገረው ያን ጊዜ ይነገራል።

"ተመልሶ ይወለዳል ወይ?"

አሁን ወደዚያ ጥያቄ እንምጣ።

ሂንዱዎችና ቡድሂስቶች ሰው ከሞተ በኋላ እንደ ሥራው እንደገና ይወለዳል ብለው ያምናሉ። ብዙ እህቶቻችን የሚሠሩባት ሊባኖስም ድሩዝ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ፤ እነሱም ነፍስ ከአንዱ ሥጋ እንደወጣች ወዲያው በሚወለድ ሕፃን ውስጥ ትገባለች ይላሉ። አሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢያን ስቲቨንሰን የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ከ1960ዎቹ ጀምሮ "ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ነበርኩ" የሚሉ ሕፃናትን ታሪክ ሰብስቧል፤ ከ2,000 በላይ። እሱ ራሱ ግን ተረጋገጠ አላለም። በዚህ የሚያምኑትን ሰዎች አልንቅም። ሞትን ተቀብሎ መኖር ለሁሉም የሰው ልጅ ከባድ ነው፣ እነሱም በመንገዳቸው ከሱ ጋር እየታገሉ ነው።

የእኛ እምነት ግን ሌላ ይላል፣ በግልጽም ይላል። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አምስተኛው ትንሣኤ ሙታን ነው። በየቅዳሴው ጸሎተ ሃይማኖት ስንደግም የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን እንላለን። የሚነሣው ያው ሰው ነው። በሌላ ስም፣ በሌላ ሥጋ፣ ከሌላ እናት የተወለደ ሌላ ሰው አይደለም። ዕብራውያን 9፥27 ሰው አንድ ጊዜ እንደሚሞት ይናገራል።

"ኤልያስስ? መጥምቁ ዮሐንስ ኤልያስ ነው ተብሎ የለ?" የሚል ሁሌም አለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እንየው። መጀመሪያ ነገር ኤልያስ አልሞተም፣ በእሳት ሠረገላ ነው የተወሰደው። ያልሞተ ሰው ደግሞ እንደገና አይወለድም። ሉቃስ ወንጌል ዮሐንስ የመጣው በኤልያስ መንፈስና ኃይል ነው ይላል። ዮሐንስም ራሱ "ኤልያስ ነህን?" ሲሉት "አይደለሁም" አለ። ከሁሉ በላይ ግን ደብረ ታቦርን አስቡ። ቡሄ ብለን በየዓመቱ ነሐሴ 13 የምናከብረው። በዚያ ቀን ከጌታ ጋር የታዩት ሙሴና ኤልያስ ናቸው። ዮሐንስ በሄሮድስ እጅ አንገቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው ይሄ የሆነው። ኤልያስ ዮሐንስ ሆኖ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ በተራራው ላይ ማን ነው የሚታየው? ኤልያስ ግን ኤልያስ ሆኖ ታየ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሞተው ሙሴም ሙሴ ሆኖ።

ለእኔ ትልቁ መጽናኛ ይሄ ነው። እናቴ ሌላ ሕፃን ሆና፣ ሌላ አገር ተወልዳ፣ እኔን ጨርሶ ሳታውቀኝ ብታድግ እሷን መልሼ አገኘኋት ማለት ነው እንዴ? እኔ የምፈልገው እሷኑ ነው። ያንን ድምፅ፣ ያንን አጠራር። እምነታችን የሚሰጠን ተስፋ ደግሞ እሷኑ ነው፣ በስሟ። ፍትሐቱ በስሟ የሚደረገው፣ ቅዳሴው በስሟ የሚታሰበው ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በዳግም መወለድ የሚያምኑ አንዳንዶች መከራን ከቀድሞ ሕይወት ኃጢአት ጋር ያያይዙታል። ልጇን ያጣች እናት ይሄን ካነበበች "ምን በድዬ ነው?" ማለት ትጀምራለች። ዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው እንዲሁ ጠይቀው ነበር፣ እሱ ነው የበደለ ወይስ ወላጆቹ ብለው። ጌታ ሁለቱንም አይደለም አለ። ይህንን ጥቅስ ልጅ ለሞተባት እናት አንብቡላት።

ከሐዘን በኋላ የሚወለድ ልጅ

እኛም አገር ሰው ሲሞት የሚወለድ ልጅ ምትኩ፣ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ተካ፣ ማስረሻ ይባላል። ስሙ ያምራል፣ ከወላጅ ጥልቅ ፍቅር የመጣ ነው፣ ተዉ አልልም። የምለው ሌላ ነው። ልጁን "አንተ እኮ እሱ ነህ፣ ቁርጥ ሳቁ" እያላችሁ አታሳድጉት። የሟቹን ልብስ አታልብሱት፣ ሟቹ ያልጨረሰውን ትምህርት በግድ አታስጨርሱት። የልደት ቀኑንና የሟቹን ሙት ዓመት ለዩ፤ በአንድ ሳምንት ቢውሉ እንኳ የልጁን ቀን በእንባ አትጀምሩት። የሞተው ልጃችሁ የራሱ ስም፣ የራሱ መታሰቢያ አለው። የተወለደውም የራሱ ጥምቀት አለው።

ሕልም ሲመጣ

ሟቹን በሕልም ማየት የተለመደ ነው፣ አትደንግጡ። "ተርቦ አየሁት"፣ "በርዶት ነበር" የሚል ሕልም ብዙ ሰው ያያል። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያየ ሰው በማግስቱ በሟቹ ስም የተራበ ያበላል፣ ጋቢ ወይም ልብስ ለነዳይ ይሰጣል። ይሄ ጥሩ ልማድ ነው። ፍርሃቱን ወደ ምጽዋት ይለውጠዋል። ደጋግሞ ከመጣ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

የማትሄዱበት ቦታ ግን አለ። "የሞተውን አነጋግራችኋለሁ" የሚል ሰው ጋ አትሂዱ፣ በአካልም ሆነ በቲክቶክ። ኦሪት ዘዳግም 18 ሙታን ሳቢን በግልጽ ይከለክላል። ንጉሥ ሳኦል ዓይንዶር ሄዶ ሳሙኤልን ያስጠራ ቀን ምን ይዞ እንደተመለሰ 1ኛ ሳሙኤል 28 ላይ አለ፤ ጭራሽ ኃይሉን አጥቶ መሬት ላይ ወደቀ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ለመስጠት ቅርብ ነው፣ እነሱም ያውቁታል።

ሆሣዕና

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሥርዓት አለን። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ በሆሣዕና ዕለት ቅዳሴው ካለቀ በኋላ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ አስቀድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል። ማን እንደሚሞት አይታወቅም፤ ስለዚህ ለሁላችንም ነው የሚደረገው። ዘንባባውን ይዘን ቆመን፣ ለራሳችን ፍትሐት ሲጸለይ እንሰማለን ማለት ነው። ብዙዎች ዘንባባ ተቀብለው ለመውጣት ይቸኩላሉ። ዘንድሮ ሰው የሞተባችሁ ከሆነ እንዳትወጡ። እስከ መጨረሻው ቁሙ። የሄደውና የቀራችሁት በአንድ ጸሎት ውስጥ መሆናችሁን የምትሰሙበት ቀን ነው።

ሐዘኑ ሲታመም

መንፈቁ አልፎም ከአልጋ መነሣት ካልተቻለ፣ መብላትና መተኛት ከቀረ፣ ሰውየው ሰው ማየት ከጠላ፣ ሐኪም ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ወር በላይ የዘለቀና ኑሮን ያናጋ ሐዘንን እንደ ሕመም መዝግቦታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ደግሞ ለአዋቂ 12 ወር ይላሉ። የእኛ መንፈቅና ሙት ዓመት ከዚህ ጋር መግጠሙን ልብ በሉ። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ጸበልም ተጠመቁ፣ ሐኪምም ዘንድ ሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። "እሱን ተከትዬ ልሂድ" የሚል ሰው ካለ ግን መንፈቅ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ብቻውን አትተዉት፣ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።

ሙት ዓመትና ወጪው

ስለ ተዝካር በግልጽ እናውራ። በሬ ለመጣል ተበድሮ ዓመቱን ሙሉ ዕዳ የሚከፍል ቤተሰብ አለ፣ ይሉኝታ ይዞት። ተዝካር ግን በሥርዓቱ የሚበላው ለነዳያን ነው። አቅም ከሌለ እንዲህ ይበቃል፦ ቅዳሴ ማስቀደስ፣ ጧፍና ዘቢብ ማስገባት፣ ሃያ ሠላሳ እንጀራ ጋግሮ፣ ሽሮም ይሁን ምስር ወጥ ሠርቶ ደጀ ሰላም ላይ ላሉት ማቅረብ። "ሰው ምን ይላል?" ለሚል ዘመድ የንስሐ አባታችሁ እንዲናገሩላችሁ ጠይቁ፤ እሳቸው ሲናገሩ ነገሩ ያበቃል። ጥቁር የለበሰም ሰው ካለ በዚያ ቀን ልብሱን ይቀይር፤ ከራሱ አይጀምረውምና ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ አዲስ ነጠላ ወይም ቀሚስ ገዝታችሁ ሂዱና ለምኑት።

ውጭ አገር ሆናችሁ ቀብር ላይ ያልደረሳችሁም ይሄን ቀን ከሩቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ባላችሁበት ከተማ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ፈልጉ፣ ስመ ክርስትናውን ስጡ፣ አስቀድሱ። አገር ቤት ስትገቡ ደግሞ ከአየር ማረፊያ ቀጥታ ወደ ቤት ድግስ አትሂዱ። በማግስቱ ጠዋት ከአንድ ታላቅ ዘመድ ጋር መቃብሩ ድረስ ሂዱ፣ ካህን አስጠርታችሁ ፍትሐት አስደርጉ፣ ልቀሱም። ዓመት አልፎታል ብላችሁ አታፍሩ፤ ለእናንተ የመጀመሪያው ቀን ነው፣ እዚያ ያሉትም ይሄን ያውቃሉ።